አዲስ ፍራሽ፣ የቆየ ትራስ

በቡታጅራና በመስቃን ዙሪያ ያላችሁ፣ አዲስ ፍራሽ ገዝታችሁ አንገታችሁን እያመማችሁ የምትነሱ ከሆነ፣ ፍራሹን ከመውቀሳችሁ በፊት ትራሳችሁን ተመልከቱ።

የትራስ ዋና ሥራ በጭንቅላትና በፍራሽ መካከል ያለውን ክፍተት መሙላት ነው። ፍራሽ ሲቀየር ክፍተቱም ይቀየራል። በጅባ ወይም በጠንካራ ስፖንጅ ላይ በጎኑ የሚተኛ ሰው ትከሻው አይሰምጥም፤ ስለዚህ ከፍ ያለ ትራስ ያስፈልገዋል። በጉራጌ ቤት የነበረው ከእንጨት የተጠረበ ትራስም ለእንዲህ ያለው ጠንካራ መኝታ የሚስማማ ነበር። ከጎማ ዛፍ ፈሳሽ የሚሠራው የላቴክስ ፍራሽ ግን፣ በተለይ ለስላሳው፣ ትከሻን ወደ ውስጥ ያስገባል። ያኔ የለመዳችሁት ወፍራም ትራስ አንገትን ወደ ላይ ያጥፋል።

በጀርባው የሚተኛ ዝቅ ያለ ትራስ ይበቃዋል። በሆዱ የሚተኛ ደግሞ በጣም ስስ ትራስ ያድርግ፤ ወይም ጭራሽ ይተወው።

ልኩን ለማወቅ በጎናችሁ ተኙና የቤት ሰው ከኋላ ይያችሁ፤ አንገትና የጀርባ አጥንት አንድ ቀጥ ያለ መስመር መሥራት አለባቸው። ጭንቅላት ወደ ላይ ከቀና ትራሱ በዝቷል፤ ወደ ፍራሹ ካዘነበለ አንሷል።

ሌላ ትራስ ለመግዛት አትቸኩሉ። የጥጥ ትራስ ከሆነ ስፌቱን ፈታ አድርጋችሁ ጥጡን ቀንሱ ወይም ጨምሩ። አንድ ወጥ የስፖንጅ ትራስ ግን እንዲህ አይስተካከልም።

እናቶች፣ አባቶች፣ አደራ፦ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማንኛውም ትራስ የመታፈን አደጋ ስላለው አታድርጉለት።