ስለ አሮጌ መኪና ዝገትና ስለ አጠጋገኑ በአዳማ የተነገረ ንግግር



ብረት ሲዝግ ማየት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ማረሻና ማጭድ ክረምቱን ከደጅ ሲያድሩ ምን እንደሚሆኑ የማያውቅ ገበሬ የለም። የመኪና ዝገት ግን ከቀለም በታች ተሰውሮ ይሠራልና ባለቤቱ ሳያውቀው ብረቱን በልቶ ይጨርሳል። ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ስለዚህ ነገር ለመናገር ነው።

ነገሩ እኔንም ነክቶኛል። እድራችን ድንኳንና ወንበር የሚያመላልስበት አንድ አሮጌ ቶዮታ በማኅበርተኛው መዋጮ ገዝቶ ነበር። ቀለሙ እንደ መስተዋት ያበራል፤ የእድሩም ጸሐፊ እኔ ነበርሁና ውሉን በደስታ ጻፍሁ። ክረምት ገብቶ ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ከበሩ ግርጌ ቀለሙ እሳት እንደ ነካው ቆዳ ተነፋ፤ በጣቴ ብነካው ጣቴ ወደ ውስጥ ገባ። ሻጩ የበሰበሰውን ላሜራ ሳይቈርጥ በስቱኮ ሞልቶ በላዩ ቀለም አስቀብቶ ኖሮአል። ከመዋጮው የመበለቶች ገንዘብ ነበረበትና እጅግ አፈርሁ። ይልቁንም የሚያስፈራው ወለሉ ነበር፤ ምንጣፉ ሲነሣ ምድር ይታያል። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ በእንዲህ ያለ ቀዳዳ ገብቶ በመኪናው ውስጥ ያለውን ሰው ሳያነቃ ሊገድል ይችላል።

አዳማ ደረቅ አገር ነው፤ ዝገቱ ከየት መጣ? የሚል ይኖራል። ብረት የሚዝገው አየርና እርጥበት ሲያገኝ ነው፤ ጨው ሲጨመርበት ይፈጥናል። የስምጥ ሸለቆው ደቃቅ አቧራ በበሩ ውስጥ ይገባና ከግርጌው ያሉትን የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች ይደፍናል። ዝናብ ሲዘንብ በመስተዋቱ ጎን የሚወርደው ውሃ መውጫ አጥቶ ከአቧራው ጋር ጭቃ ይሆናል። ውጭው በፀሓይ ወዲያው ሲደርቅ ውስጡ ለብዙ ቀን እንደ ረጠበ ይቀመጣል፤ ስለዚህም በሩ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ቀዳዳዎቹን በቀጭን እንጨት መክፈት ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ይህን የሚያደርግ ባለመኪና ጥቂት ነው።

የጨውም ነገር አለ። ከጂቡቲ ወደብ በአዋሽና በመተሐራ አልፈው ወደ አዳማ የሚወጡት የጭነት መኪናዎች የባሕር ነፋስ የነካቸው ናቸው። በመተሐራም የበሰቃ ሐይቅ ጨዋማ ውሃ ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት እየሰፋ መንገዱንና የባቡር ሐዲዱን ተጋፍቶአል። በዚያ በኩል የመጣ መኪና ሆዱ በንጹሕ ውሃ ሳይታጠብ ሊያድር አይገባም።

መኪና ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ነው። የጥገናው ቃል ግን አብዛኛው ጣልያንኛ ነው፤ ላሜራ፥ ስቱኮ፥ ባትላሜራ እያልን እንናገራለን። እኔ ሞኙ ባትላሜራ ለሚለው ቃል ከግእዝ ሥር ስፈልግለት ብዙ ደክሜአለሁ!

ወደ መኪናችን ልመለስ። የወሰድንለት ባትላሜራ አስቀድሞ የባትሪውን ሽቦ ፈታ፤ የነዳጁን ጋን አወረደ፤ የበሩን ልባስና ምንጣፉን አወጣ፤ የብየዳ ብልጭታ እሳት ያስነሣልና። ከዚህ በኋላ ቀለሙን በሽቦ ብሩሽ ፍቆ ላሜራውን ቈረጠ፤ የቈረጠውም ከዝገቱ ዳር አይደለም፥ ሁለት ጣት ያህል ወደ ጤነኛው ብረት ገብቶ ነው። በብራና መጻሕፍት መካከል ያደግን ሰዎች ይህ አይደንቀንም፤ ዐይጥ የበላውን ብራና የላላውን ጠርዝ ሳይቈርጥ የሚሰፋ ሰው መርፌው ዳግመኛ ይቀድበታል።

ምትኩ ላሜራ በውፍረት ከቀድሞው ጋር የሚተካከል ይሁን፤ የመኪና ላሜራ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። የቤት ክዳን ቆርቆሮ ግን አይሁን፤ የተለበጠበት ዚንክ ሲበየድ የሚወጣው ጢስ በያጁን ትኩሳትና ብርድ ያስይዘዋል። ብየዳውም አንድ ነጥብ ከዚህ፥ አንድ ነጥብ ከዚያ እየተደረገ፥ በመካከሉ እስኪበርድ ይጠበቃል፤ ባንድ ጊዜ ቢበየድ ስሱ ላሜራ ይጣመማል። የዝገት መከላከያውን ቀለም ሰውየው ከውጭም ከውስጥም ቀባው፤ የፊተኛው ጠጋኝ ከውስጥ አልቀባም ነበር። ስቱኮ ራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ በጤነኛ ብረት ላይ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ቢደረግ ሸካራውን ያስተካክላል። ነገር ግን እርጥበት ይመጣልና ቀለም ሳይለብስ አይቈይ፤ ቀዳዳ ለመሙላትም አልተሠራም። የመኪናውን ሸክም የሚችለው ሻንሲ የዛገ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ከባትላሜራ በላይ ነው፤ ያን መኪና አትግዙ።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ጥሎአል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። እንግዲህ በእጃችን ያለው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል። ለመንደራችሁ መኪና ለመግዛት የምትላኩ ሽማግሌዎች በኪሳችሁ አንድ ትንሽ ማግኔት ያዙ። ቀለሙን እንዳይጭር በጨርቅ ጠቅልላችሁ በበሩ ግርጌና በጎማው ዙሪያ አስጠጉት። ስቱኮው ወፍራም በሆነበት ስፍራ ማግኔቱ አይይዝም። ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠራው የቀድሞው ላንድሮቨር ግን አካሉ አብዛኛው አሉሚኒየም ነውና ማግኔት አልያዘውም ብላችሁ ሻጩን አትክሰሱት፤ የዚያን መኪና ሻንሲ ተንበርክካችሁ ተመልከቱ፥ እርሱ ብረት ነው።

ከእድሩ መኪና የተቈረጠው ቁራጭ እነሆ በጠረጴዛው ላይ አለ። ስቱኮው ከአንድ ጣት ይወፍራል። እየተቀባበላችሁ እዩት፤ ጠርዙ እጅ ይቈርጣልና በጨርቁ ያዙት።