ድምፅ የሚሸጥበት ገበያ
(ናይሮቢ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከፊልም ትዕይንት በፊት የቀረበ ዲስኩር)



ከኢስሊ ተነስቶ በፓንጋኒ በኩል መሃል ከተማ ለመድረስ ማታቱ የሚሳፈር ሁሉ ስታሬሄ የተባለውን የምርጫ ክልል ያቋርጣል። ዛሬ የምናየው የሳም ሶኮ ዘጋቢ ፊልም እዚያ የተካሄደ የምርጫ ዘመቻን ያሳያል። «ሶፍቲ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ቀርቧል። ስሙ የባለታሪኩ የፎቶ ጋዜጠኛ የቦኒፌስ ምዋንጊ የልጅነት ቅጽል ስም ነው።

ምዋንጊ እ.ኤ.አ. ከ2007ቱ የኬንያ ምርጫ በኋላ የፈነዳውን እልቂት በካሜራው ቀርጿል። ከ1,100 በላይ ሰው አለቀ፤ 600,000 ያህል ተፈናቀለ። ብዙዎች የቆየ የጎሳ ቂም ነው ይላሉ። እኔ አልቀበለውም። በ2002 ሉኦው ራይላ ኦዲንጋ «ኪባኪ ቶሻ»፣ ኪባኪ ይበቃናል፣ ብሎ ኪኩዩውን እጩ ሲደግፍ ሁለቱም ወገን አብሮ ጨፍሯል። ከአምስት ዓመት በኋላ በእነዚሁ ወገኖች መካከል የፈነዳው ጠላትነት ከአያት የተወረሰ አይደለም። የሠራው ሰው አለ።

እንዴት እንደሚሠራ ፊልሙ ገበያ መሃል ያሳየናል። ምዋንጊ በ2017 ለፓርላማ ሲወዳደር እጁን ለሰላምታ ይዘረጋል፤ ሰዎቹ ገንዘብ ይጠይቁታል። አይሰጥም። የሚጠይቁትን አልኮንንም፤ የዕለት ጉርስ ያጣ ሰው የነገ መንገድ አያጠግበውም። ነገር ግን ድምፁን አስቀድሞ የገዛ እጩ ለመራጩ ዕዳ የለበትም። ስለ ውኃ ሲጠየቅ «ያኛው ጎሳ ሊውጣችሁ ነው» ማለት ይበቃዋል። እኛም በምርጫ 97 በአንድ ማዕድ የሚቆርሱ ወንድማማቾች በፓርቲ ተኳርፈው አይተናልና ነገሩ ሩቅ አይደለም።

ምዋንጊ በድምፃዊው ቻርልስ ንጃጉዋ ተሸነፈ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 1 ቀን የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ሰረዘ፤ አፍሪካ ከዚያ በፊት ያላየችው ድፍረት ነበር። ገበያ ላይ የተሸጠውን ድምፅ ግን የትኛውም ዳኛ ለባለቤቱ አይመልስም።

በዘመቻው ወቅት በምዋንጊ ላይ የተሰነዘረው ዛቻ ቤቱ ድረስ ገብቶ ባለቤቱ ንጄሪ ሦስት ልጆቻቸውን ይዛ ወደ አሜሪካ ሄዳለች። አሁን መብራቱ ይጠፋል። ምዋንጊን ሁላችሁም ታዩታላችሁ፤ እኔ የምለምናችሁ ንጄሪን እንድታዩ ነው።