ለቆየ ዲጂታል ካሜራ ተተኪ ዙም ሌንስ ስለ መምረጥ

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር




የዛሬው ርእሴ በዚህ መድረክ ከሚነገርለት ከድልድይና ከግድብ ጋር ሲተያይ ትንሽ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ይሁን እንጂ በግንባታ ሥራ ላይ የተሰማራን ሁሉ እንደምናውቀው፣ ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ፌሮው እንዴት ታስሮ እንደ ነበረ ተመልሶ ማየት አይቻልም። በክፍያም ሆነ በጥራት ላይ ክርክር ሲነሣ ቀርቦ የሚመሰክረው በዚያን ዕለት የተነሣው ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉ ከደበዘዘ፣ ወይም የሚፈለገው ማዕዘን ከምስሉ ውጭ ከቀረ፣ ምስክሩ ዲዳ ሆነ ማለት ነው።

እኔ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ለዚሁ ተግባር የሚያገለግለው ካሜራ ኒኮን ዲ90 ነው። ይህ ካሜራ እ.ኤ.አ. በ2008 ለገበያ የቀረበ ሲሆን 12.3 ሜጋፒክስል ምስል ያነሣል። አብሮት የነበረው ከ18 እስከ 105 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዙም ሌንስ ባለፈው ዓመት ከፎቅ ወድቆ ከጥቅም ውጭ ሆነ። በዚያን ሰዓት የካሜራው አካል በሣጥኑ ውስጥ ስለ ነበረ ምንም አልደረሰበትም። ከዚህ በኋላ በመካከላችን ሁለት አሳብ ተነሣ። አንደኛው ወገን «ዘመኑ ያለፈበትን ካሜራ ጥሎ አዲስ መግዛት ይሻላል» ሲል፣ ሁለተኛው ደግሞ «ካሜራው ይቆይ፤ ሌንሱ ግን ከሁሉ አዲሱ ይሁን» አለ። የመጀመሪያውን አሳብ ያስተወን የውጭ ምንዛሪው ነው። ሁለተኛው ግን በደንብ ሊመረመር ይገባዋል፤ ምክንያቱም ላይ ላዩን ሲያዩት ትክክል የሚመስለው እርሱ ነው።

የኒኮን ኤፍ መግጠሚያ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ቅርጹን ጠብቆ የኖረ ነው። ስለዚህ አንድ ሌንስ ካሜራው ላይ ገጥሞ «ቀጭ» ማለቱ አብሮ ይሠራል ማለት አይደለም። በሌንሱና በካሜራው መካከል ሦስት ዓይነት ግንኙነት አለ፤ ብርሃን የሚያስገባውን ቀዳዳ የሚያጠብበው፣ ትኩረቱን የሚያስተካክለው፣ በኤሌክትሪክ ንክኪ መረጃ የሚያስተላልፈው። ዲ90 ቀዳዳውን የሚያዝዘው በትንሽ የብረት ማንሻ ነው። አዳዲሶቹና «ኢ» የሚል ምልክት ያላቸው ሌንሶች ግን ማንሻውን ትተው በኤሌክትሪክ ትእዛዝ ብቻ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ባለ 16-80 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ከነዚህ አንዱ ነው። እጅግ መልካም ሌንስ ቢሆንም፣ በዲ90 ላይ ሲገጠም ቀዳዳው እንደ ተከፈተ ይቀራል እንጂ አይጠብም። «ኤኤፍ-ፒ» የተባሉት፣ በስቴፐር ሞተር የሚሠሩት ሌንሶች ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር አላቸው። ዲ90 ሞተራቸውን ማዘዝ አይችልም፤ የትኩረት ቀለበታቸውም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለ ሆነ በእጅ እንኳ ማስተካከል አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2018 የተጀመረው የዜድ መግጠሚያ ሌንስማ ጭራሹን አይገጥምም። ሌንሱ ከሴንሰሩ በ16 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ እንዲቀመጥ የተሠራ ሲሆን በዲ90 ላይ ያለው ርቀት 46.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህን ሠላሳ ሚሊ ሜትር የሚያክል ልዩነት ማንም ቀለበት ሊያጠፋው አይችልም።

በአንጻሩ ዲ90 በአካሉ ውስጥ የትኩረት ሞተር አለው። ስለዚህ የራሳቸው ሞተር የሌላቸውን የቀድሞ ሌንሶች ያሠራል፤ እንደ ዲ40 ያሉት ታናናሾቹ ይህን አይችሉም። እንግዲህ ለዚህ ካሜራ የሚስማማው ሌንስ የሚገኘው ከዘመኑ ጓደኞች መካከል ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ «ሥራችን የሚጠይቀው ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ዲጂታል ካሜራ እያንዳንዱን ፎቶግራፍ ሲያነሣ የትኩረቱን ርዝመት አብሮ ይመዘግባል። የብዙ ወራት ፎቶግራፎቻችንን መዝገብ ስንመለከት አብዛኞቹ የተነሡት በሁለቱ ጫፎች፣ በተለይም በ18 ሚሊ ሜትር ላይ ሆኖ ተገኘ። (በዚሁ አጋጣሚ፦ የካሜራው ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጆቹ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ስድስት ሰዓት የተዛባ ፎቶግራፍ ለክርክር አይመችም።)

ስሌቱ ቀላል ነው። የሴንሰሩን ስፋት፣ ማለትም 23.6 ሚሊ ሜትርን፣ በርቀቱ አባዝቶ በትኩረቱ ርዝመት ማካፈል ነው። በጠባብ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ተደግፈን በ5 ሜትር ርቀት ላይ ብንቆም፣ በ18 ሚሊ ሜትር የሚታየን ስፋት 6.5 ሜትር ገደማ ሲሆን በ16 ሚሊ ሜትር ግን 7.4 ሜትር ገደማ ይሆናል። በቁጥር ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ የነበረው በቦታው ላይ አንድ ሜትር ሊሞላ የቀረበ ሆነ። ወደ ኋላ መሸሽ በማይቻልበት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በሌላው ጫፍ፣ 20 ሜትር ርቆ የሚታይን ግንብ በ105 ሚሊ ሜትር ብናነሣው 4.5 ሜትር ስፋት ይገባል። ይህም ለ4288 ፒክስል ሲካፈል እያንዳንዱ ፒክስል 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይወክላል። በ85 ሚሊ ሜትር ቢሆን 1.3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ልዩነቱ ጥቂት እርምጃ ወደ ፊት በመራመድ የሚካካስ ነው፤ በመካከል ጉድጓድ ካለ ግን ሌላ ነገር ነው። የ0.3 ሚሊ ሜትር ስንጥቅ ከሩቅ በፎቶግራፍ እንለካለን የሚል ካለ ግን ራሱን ያታልላል። በ105 ሚሊ ሜትር በ5 ሜትር ላይ እንኳ ያ ስንጥቅ ከአንድ ፒክስል እምብዛም አይበልጥም። መኖሩ ሊታይ ይችላል፤ ስፋቱ ግን አይለካም። ቀርቦ ማስመሪያ ከጎኑ አድርጎ ማንሣት ግድ ነው።

ስለ ብርሃን የሚነሣው ክርክር እውነት አለው። በኤፍ 2.8 የሚከፈት ሌንስ በኤፍ 5.6 ከሚከፈተው አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። መብራት ባልገባበት ምድር ቤት አንዱ በ15ኛ ሰከንድ የሚያነሣውን ሌላው በ60ኛ ሰከንድ ያነሣል። በሌንሱ ውስጥ ያለው ንዝረት መቀነሻ የእጃችንን መንቀጥቀጥ ያረግበዋል እንጂ የሚንቀሳቀሰውን ሠራተኛ አያቆመውም። ሆኖም ባለ ኤፍ 2.8ዎቹ ዙሞች፣ የኒኮን 17-55፣ የታምሮንና የሲግማ 17-50፣ ረጅሙን ጫፍ ያሳጡናል። ፌሮ ደግሞ አይንቀሳቀስም፤ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ይበቃዋል።

ስለ ጥራት ብዙ አልናገርም። የዲ90 ፒክስል 5.5 ማይክሮን ስለ ሆነ ለሌንስ ምሕረት ያደርጋል፤ ለ45 ሜጋፒክስል ተብሎ የተሠራ ውድ ሌንስ ብልጫውን በዚህ ካሜራ ላይ ሙሉ በሙሉ ማሳየት አይችልም። ቀዳዳውንም ከኤፍ 11 በላይ ማጥበብ ምስሉን ያለሰልሰዋል እንጂ አያጠራውም።

በመጨረሻ በፊታችን ሦስት ሌንሶች ቀሩ። የቀድሞው ባለ 18-105 ርካሽና ቀላል ነው፤ 420 ግራም ይመዝናል፤ መግጠሚያው ግን ፕላስቲክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ባለ 18-140 በቆየው ማንሻ ስለሚሠራ ከዲ90 ጋር ይስማማል፤ ነገር ግን የጨመረው እኛ ብዙ በማንፈልገው በረጅሙ በኩል ነው። ባለ 16-85 ደግሞ የብረት መግጠሚያና አቧራን የሚከላከል የጎማ ቀለበት አለው፤ ሰፊው ጫፍም የእርሱ ነው። እኔ የደገፍሁት፣ መሥሪያ ቤታችንም የገዛው ይህንኑ ነው። ባልደረባዬ የሆነ አንድ መሐንዲስ እስከ ዛሬ ድረስ 18-140ን ይመርጣል፤ የእርሱ ሥራ የድልድይ ምርመራ ስለ ሆነ አልፈርድበትም።

እነዚህ ሌንሶች አሁን በአብዛኛው የሚገኙት በሁለተኛ እጅ ስለ ሆነ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ሌንሱን ከካሜራው አውጥታችሁ በባትሪ ብርሃን ውስጡን ተመልከቱ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ ክረምቱን እርጥብ ቁም ሣጥን ውስጥ የከረመ ሌንስ ይህን ያመጣል። ማንሻውን በጣታችሁ ገፋ አድርጋችሁ ስትለቁት የቀዳዳው ምላሶች ወዲያው መመለስ አለባቸው፤ ከዘገዩ ዘይት ነክቷቸዋል። የዙሙን ቀለበት ስታዞሩ የአሸዋ ድምፅ ከሰማችሁ ሲሚንቶና አቧራ ገብቶበታል። ትኩረት ሲይዝ የሚያፏጭ ሞተርም ዕድሜው አጭር ነው። ከዚያም የራሳችሁን ካሜራ ይዛችሁ ሂዱና ቀጥ ያለ የጡብ ግድግዳ ፊት ለፊት ቆማችሁ፣ ቀዳዳውን ሙሉ በሙሉ ከፍታችሁ በ16፣ በ35ና በ85 ሚሊ ሜትር አንሡ። ምስሉን አጉልታችሁ አራቱን ማዕዘኖች አስተያዩ። አራቱም እኩል ለስለስ ቢሉ የሌንሱ ጠባይ ነው፤ አንዱ ማዕዘን ብቻ ከደበዘዘ ግን አንዱ መስተዋት ከመሥመሩ ወጥቷልና ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ለሻጩ መልሱለት።