የሐኪም ረዳት ሊሆን የሚወድ ተማሪ ምን ያነሣሣዋል?



ሰውን ለሥራ የሚያነሣሣው ምክንያት እንደ ቤት መሠረት ነው። መሠረቱ ከመሬት በታች ስለ ተቀበረ አላፊ አግዳሚው አያየውም፤ ነገር ግን ክረምት በገባ ጊዜ ቤቱ የሚቆመው ወይም የሚፈርሰው በእርሱ ነው። ስለዚህ አንድ ተማሪ «ትምህርቴን ስጨርስ በሽተኛ ማከም እወዳለሁ» ባለ ጊዜ ማመስገን ብቻ አይበቃም፤ ስለ ምን እንደ ወደደ ቀስ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

የዛሬው ነገር ስለ ሐኪሙ ሳይሆን ከሐኪሙ ጋራ ሸክሙን ስለሚካፈለው ሰው ነው። ይህ ሰው በአሜሪካ የሐኪም ረዳት ይባላል፤ በኢትዮጵያ ለእርሱ የሚቀርበው የጤና መኮንን ነው። ሥራቸው ፍጹም አንድ ባይሆንም መነሻቸው አንድ ነው፤ ይኸውም ሐኪሙ ጥቂት፣ በሽተኛው ብዙ መሆኑ ነው።

በ1953 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጣና ሐይቅ አጠገብ ባለው በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። በዚያን ዘመን በኢትዮጵያ የነበሩት ሐኪሞች እጅግ ጥቂቶች ነበሩ፤ በአገር ውስጥም ሐኪም የሚያወጣ ትምህርት ቤት ገና አልነበረም። በሚከተለው ዓመት፣ በ1954፣ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በጎንደር ከተማ ተከፈተ። ኮሌጁ በጎንደር እንዲከፈት ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ መቅሠፍት ነበረ። ከዚያም ሦስት ዓይነት ሠራተኞች ይወጡ ጀመር። የጤና መኮንኑ በሽተኛውን ይመረምራል፤ ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን ትጠብቃለች፤ ሦስተኛው የአካባቢ ጤና ሠራተኛ ምንጩን ይከልላል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል። ሦስቱም በአንድነት ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ለአንድ ሐኪም የከበደው ነገር ለብዙዎች ሲከፈል ቀለለ።

በአሜሪካም በኖርዝ ካሮላይና ባለው በዱክ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ዩጂን ስቴድ በ1965 የሐኪም ረዳት የሚሆኑ 4 ተማሪዎች ተቀብለው ማስተማር ጀመሩ፤ ከእነዚህም ሦስቱ በ1967 ተመረቁ። አራቱም አስቀድሞ በባሕር ኃይል ውስጥ የሕክምና አገልጋዮች ነበሩ። እንግዲህ ወደ ትምህርቱ ሲገቡ የበሽተኛን ሕመም በወሬ አልሰሙትም፤ በእጃቸው ዳስሰውታል። የጎደላቸው ሥራውን መውደድ ሳይሆን ለሥራው የሚገባ ዕውቀት ነበረ። መምህር ሊያስተውለው የሚገባ ነገር በዚህ አለ፤ ሥራውን ቀርቦ ያየ ሰው የሚመርጠውን ያውቃልና።

ተማሪን ወደዚህ ሥራ የሚስቡት ምክንያቶች ሦስት ናቸው።

መጀመሪያው እንጀራ ነው። ደመወዝ አግኝቶ ራሱንና ወላጆቹን ሊረዳ መፈለጉ አያስነቅፈውም፤ የትምህርቱ ዘመን ከሐኪም ትምህርት ማጠሩም ለድኻ ልጅ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን እንጀራ ብቻ የሳበው ሰው ሌላ የተሻለ እንጀራ ባየ ጊዜ ጤና ጣቢያውን ዘግቶ ይሄዳል።

ሁለተኛው ክብር ነው። ነጭ ካፖርት ለብሶ፣ በአንገቱ የማዳመጫ መሣሪያ አንጠልጥሎ፣ «ዶክተር» እየተባለ መጠራት የሚያምረው ወጣት ብዙ ነው። ከሦስቱ የሚያስፈራው ይህ ነው። ለክብር ብቻ የመጣ ረዳት «ይህ ከእኔ በላይ ነው» ማለትን እንደ ውርደት ይቆጥረዋል። ደም የሚፈስሳትን ወላድ ፈጥኖ ወደ ሆስፒታል መላክ ሲገባው «እኔው አቆመዋለሁ» እያለ ያቆያታል፤ ሰዓቱም ያልፋል፤ በእርሱ ትዕቢት የሌላ ሰው ቤት ይፈርሳል። ብልህ ወጌሻ ውልቃቱን ይመልሳል፤ አጥንቱ ከቆዳ ወጥቶ ያየ እንደ ሆነ ግን እጁን ሰብስቦ «ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት» ይላል። ስለዚህም ነገር ክብሩ አይቀንስም፤ ይልቁንም ሰው ሁሉ ያምነዋል።

ሦስተኛው ያየው ችግር ነው። ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ስትወሰድ ያየ፣ ወይም ታናሽ ወንድሙ በተቅማጥ ሲደክም አጠገቡ የተቀመጠ ልጅ፣ አንድ ዐዋቂ ሰው በቅርብ ቢኖር ምን ይሆን እንደ ነበረ ያስባል። ይህ ሐሳብ በውስጡ የቀረ ተማሪ ስሙ ረዳት ቢባል አይከፋውም፤ እርሱ የሚፈልገው የበሽተኛውን መዳን ነውና። መንገዱ ቢርቅ፣ መድኃኒቱ ቢያንስ፣ ሌሊት ቢቀሰቀስም ቶሎ አይሰለችም።

ይህም ማለት ረዳት ሁልጊዜ ባለበት ይቀራል ማለት አይደለም። በኢትዮጵያ ከ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ የጤና መኮንኖች ሦስት ዓመት ተጨማሪ ተምረው ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና እንዲሠሩ፣ ምጥ የጠናባትንም እናት በቀዶ ሕክምና እንዲያዋልዱ ማስተማር ተጀምሯል። ትናንት ሌላ ሰው ዘንድ ይልከው የነበረውን ዛሬ በራሱ እጅ የሚሠራው ግን ተምሮ ነው እንጂ ደፍሮ አይደለም።

እንግዲህ የመምህሩ ሥራ ምንድር ነው? አስቀድሞ ተማሪውን ይጠይቀው፤ መልሱንም ሳይቸኩል ይስማው። እንጀራን ወይም ክብርን የጠራ እንደ ሆነ አያሳፍረው፤ ነገር ግን ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ አስፈቅዶ ሥራውን ከቅርብ እንዲያይ ይምከረው። ያየው ነገር ወይ ያጸናዋል፣ ወይ በጊዜ ይመልሰዋል፤ ሁለቱም መልካም ነው። ሒሳብንም አጥብቆ ያስተምረው፤ የሕፃን መድኃኒት በክብደቱ ተሰልቶ የሚሰጥ ስለ ሆነ በስሌት መሳት በነፍስ መሳት ነው። ቋንቋንም እንዳይንቅ ያድርገው፤ ባላገር ሕመሙን የሚናገረው «ጎኔን ወጋኝ፣ ሆዴን ነፋኝ» እያለ ነውና ይህን አስተውሎ የማይሰማ መርማሪ መሣሪያው ሁሉ አይጠቅመውም። ሴቶች ልጆችንም ከወንዶቹ እኩል ያበርታ፤ ለወንድ መናገር የምታፍር እናት ለሴት ትናገራለችና።

ሽማግሌዎችም ድርሻ አላቸው። ተምሮ ወደ መንደሩ የመጣውን ወጣት «ይህ ጎረምሳ ምን ያውቃል» ብለው ቢንቁት፣ በሽተኛው ቤት ውስጥ ተኝቶ ይከርማል። እርሱ «ይህ በሽተኛ ወደ ሆስፒታል ይሂድ» ባለ ጊዜም እንዳላወቀ አይቁጠሩት፤ ቃሬዛውን ፈጥነው ያዘጋጁ። አላውቅም ማለትን የማያሳፍር መንደር እውነተኛ ረዳት ያገኛል፤ የሚያሳፍር መንደር ግን ደፋር ሰው ያገኛል፤ የድፍረቱንም ዋጋ የሚከፍሉት ልጆቹ ናቸው።

ስለዚህ ተማሪው ሲነሣ ወላጆቹ ስንቁን እንደሚያዩለት፣ መምህሩና ሽማግሌው ደግሞ የሚሄድበትን ምክንያት ይዩለት። ስንቅ በመንገድ ያልቃል፤ መልካም ምክንያት ግን እስከ ሥራው ፍጻሜ አብሮት ይኖራል።