ልጃችሁ ዝም ስትል
(ለባለትዳሮች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



በዚህ ቤት ብዙውን ጊዜ የምንነጋገረው ልጆችን አራርቆ ስለ መውለድ ነው። ዛሬ ግን ተወልደው፣ አድገው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለ ገቡት ልጆቻችሁ ላነጋግራችሁ እወዳለሁ። ለዚህም እንዲረዳን አንድ ልብ ወለድ ይዤ ቀርቤአለሁ።

መጽሐፉ «ስፒክ» ይባላል፤ «ተናገሪ» እንደ ማለት ነው። አሜሪካዊቷ ደራሲ ሎሪ ሃልስ አንደርሰን ለወጣቶች ጽፋ እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተመችው ሲሆን፣ ታሪኩ የሚፈጸመው በኒውዮርክ ግዛት፣ በሲራኪውስ ከተማ ነው።

ባለታሪኳ ሜሊንዳ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ትምህርት ከመከፈቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በነሐሴ ወር፣ ከጓደኞቿ ጋር ወደ አንድ የወጣቶች ግብዣ ትሄዳለች። እዚያም አንድ የከፍተኛ ክፍል ተማሪ አስገድዶ ይደፍራታል። ደንግጣ ለፖሊስ ትደውላለች፤ ነገር ግን ስልኩን እንደ ያዘች አንደበቷ ይታሰራል። ፖሊስ ይመጣል፤ ግብዣው ይበተናል። ትምህርት ሲከፈት ተማሪው ሁሉ «ፖሊስ የጠራችብን እሷ ናት» ብሎ ፊቱን ያዞርባታል። ለምን እንደ ጠራች ቆም ብሎ ለማወቅ የተጨነቀ ግን አልነበረም።

በዚያ ትምህርት ቤት ተማሪው በቡድን በቡድን የተከፋፈለ ነው፤ ቡድን የሌለው ሰው የለውም። የልብ ጓደኛዋ ሬቸል ትሸሻታለች። ከሌላ ግዛት የመጣችው አዲሷ ተማሪ ሄዘር ለጥቂት ጊዜ ትጠጋታለች፤ ስመ ጥር ወደ ሆነ የሴቶች ቡድን ለመግባት ስትል ግን እሷም ትተዋታለች። ሄዘር ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ብቻዋን መቅረት የፈራች ልጅ ናት። የጓደኛ ግፊት ሁልጊዜ «ጠጪ፣ አጭሺ» እያለ አይመጣም። «ከእሷ ጋር ከታየሽ አንቺም ትጠያለሽ» እያለም ይመጣል።

አሁን ወደ ቤቷ እንግባ። እናቷ በአንድ ትልቅ መደብር፣ አባቷ በኢንሹራንስ ሥራ ውለው ይገባሉ። ባልና ሚስቱ ሐሳብ የሚለዋወጡት በወጥ ቤት በሚተዉት ቁራጭ ወረቀት ነው። የልጅቷ ውጤት ያሽቆለቁላል፤ ከክፍል ትጠፋለች፤ ከንፈሯን እስኪቆስል ትነክሳለች። ወላጆች ትምህርት ቤት ሲጠሩ ልጅቷ ትኩረት ፈልጋ ያደረገችው ይመስላቸዋል፤ እርስ በርሳቸውም ይወነጃጀላሉ።

አንድ ቀን ግን በሩ ሊከፈት ደርሶ ነበር። ለገና በዓል የሥዕል ደብተርና የከሰል እርሳስ ይሰጧታል፤ ስትስል ልብ ብለው ኖሯል። ሜሊንዳ በዚያች ሰዓት ልትነግራቸው ትቃረባለች። ቃሉ ግን ከጉሮሮዋ ሳይወጣ እነሱም ይነሣሉ፤ ጊዜውም ያልፋል። የብዙ ወር ቁጣ ያላስገኘውን «አይተንሻል» የሚል ትንሽ ምልክት ሊያስገኘው ምን ያህል እንደ ቀረበ ተመልከቱ!

በመጨረሻ ያው ልጅ በትምህርት ቤቱ ውስጥ እንደገና ሲተናኮላት ትጮኻለች፤ ትድናለችም። ከዚያም ታሪኳን ልትነግር የምትጀምረው ዓመቱን ሙሉ ዛፍ እንድትስል በትዕግሥት ላበረታታት የሥዕል መምህሯ ነው። ደራሲዋ ራሷም በ13 ዓመቷ እንደ ተደፈረች እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመችው መጽሐፍ ገልጻለች።

ውድ ባለትዳሮች፣ ይህ የሩቅ አገር ነገር ነው እንዳትሉ። እኛም «ዝም አይነቅዝም» እንላለን። በልጅ ሆድ የተቀበረ ጥቃት ግን ይነቅዛል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውም የእኛው አባባል ነው።

ስለዚህ ጠባይዋ የተለወጠ ልጅ ስታዩ ውጤቷን ከመጠየቃችሁ በፊት እሷን ጠይቁ። ከነገረቻችሁም «ለምን ሄድሽ? ምን ለብሰሽ ነበር?» አትበሉ። «እናምንሻለን፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» በሏት። ከዚያም ቀን ሳትቆጥሩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዷት፤ በዕለቱ የለበሰችውንም ልብስ አትጠቡት። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ድረስ ያገለግላል፤ ሆኖም ሁለቱም በቶሎ ሲወሰዱ ይበልጥ ይሠራሉ። ጊዜው ካለፈም ሕክምናና ምክር ስላለ ከመምጣት አትቅሩ።

ወንድ ልጅ ያላችሁም ይህ አይመለከተንም አትበሉ። ሜሊንዳን የጎዳው የሰው ልጅ ነው፤ እናትና አባት አለው። «እምቢ» ስትባል እምቢ ማለት መሆኑን ልጃችሁ ከእናንተ ይስማ።

ከሁሉ በፊት ግን እናንተ ሁለታችሁ ተነጋገሩ። ባልና ሚስት በማይነጋገሩበት ቤት ልጅ ከየት ተምራ ትናገራለች? ዛሬ ማታ ራት ሲቀርብ ቴሌቪዥኑን ዝጉና ልጃችሁን «ዛሬ ምሳሽን ከማን ጋር በላሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። መልሷን እስክትጨርስም ታገሡ።