ባቡሩ መጣ፣ መግቢያ ግን የለም

እሷ፦ ነቀምት ባቡር የላትም። አዲስ አበባ ለመግባት በባኮና በአምቦ በኩል 330 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ነው። የወለጋ መንገደኛ መዲናዋ ሲደርስ ግን የከተማ ባቡር ያገኛል።

እሱ፦ መግባት ከቻለ ነዋ!

እሷ፦ የቃሊቲው መስመር በመስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር፣ የአያት–ጦር ኃይሎቹም በዚያው ዓመት ሲከተል ተስፋው ትልቅ ነበር። ለሁለቱ የመጡት ባቡሮች 41 ናቸው። በኋላ ግን መለዋወጫ ጠፋ፤ ብዙዎቹ ቆሙ።

እሱ፦ የቀሩት ላይ ሕዝቡ ተጋፋ። ጠዋት ሜክሲኮ ላይ በሩ ሲከፈት ወራጁ ሳይወርድ ተሳፋሪው ይገፋል፤ ዘንቢል ከራስ በላይ ይያዛል፤ ነጠላ የያዘ በር ተመልሶ ይከፈታል። ኪስ አውላቂው ብቻ ነው የሚመቸው።

እሷ፦ ደግሞ ከስታዲየም እስከ ልደታ ሁለቱ መስመሮች አንድ ሐዲድ ይጋራሉ።

እሱ፦ ስለዚህ እዚያ አንዱ ሲበላሽ የቃሊቲውም የአያቱም መንገደኛ ይቆማል። ሚኒባስ ቢሆን ዞሮ ያልፍ ነበር።

እሷ፦ መብራት ሲጠፋስ?

እሱ፦ ያኔ በእግር ነው! የሚመለከታቸው የቆሙትን ይጠግኑ፤ እስከዚያው ባቡሩ የሚመጣበትን ሰዓት በየፌርማታው ይለጥፉ።