ጭራቁን ማን ሠራው?

(በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ዕለት፣ በ2001 ዓ.ም የሜካኒካል ምህንድስና ተመራቂ የተደረገ ንግግር)



አስተባባሪዎቹ «ከሥራህ ውጪ ስለምትወደው ነገር ትንሽ አውራን» ሲሉኝ ሳቄ መጣ። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ግድብ የሠራ አለ፤ መስኖ ያወጣ አለ፤ ለገጠር ቀበሌ ንጹሕ ውኃ ያደረሰ አለ። እኔ ደግሞ ጭራቅ ነው የምሰበስበው። አዎ፣ ጭራቅ! ቁመቱ ስንዝር ከምናምን የሆነ፣ ጥርሱ ያገጠጠ፣ ጀርባው እንደ መጋዝ የሆነ የሬዚን ጭራቅ። ባለቤቴ «ሰው ቡፌው ላይ ብርጭቆ ይደረድራል፣ አንተ ሰይጣን ትደረድራለህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ነገሩ የተጀመረው እዚሁ ነው። በ1997 ዓ.ም ስንገባ ግቢያችን ዩኒቨርሲቲ ከተባለ ገና ዓመቱ ነበር። በ1979 የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ስለተከፈተ፣ የከተማው ሰው ሁሉ ያኔም «ዎተር» ነበር የሚለን። ዶርማችን ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ነበረች፤ ስምንት ሰው አልጋ ላይ ተደራርበን ጎድዚላን ያየነው በእሷ ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1954 ቶሆ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራው ነው፤ የጎማ ልብስ የለበሰ ሰው በትንሹ የተሠራች ከተማ እየረገጠ ያፈርሳል። በማግስቱ ቅዳሜ ተዋጥተን በጀልባ አዞ ገበያ ሄድን። ዳር ላይ አፉን ከፍቶ የተኛውን ትልቁን አዞ ሳየው «ጎድዚላ ይኸውና!» አልኩ። ጀርባው ቁርጥ እሱ ነው። ከሐይቁ ዳር ጭቃ ይዤ ተመለስኩና ማታ በማንኪያ እጀታ ቀረጽኩት። እስኪደርቅ መስኮት ላይ ባስቀምጠው በሦስተኛው ቀን ተሰነጠቀ። ፍቅሩ ግን አልተሰነጠቀም።

አሁን ስለ ዕቃው ትንሽ ላስረዳ። ፋብሪካ በመቶ ሺህ የሚያመርተው መጫወቻ አለ፤ እሱ ሌላ ነው። እኔ የምለው አፍቃሪዎች ራሳቸው ቤታቸው ውስጥ የሚሠሩትን ነው። አንዱ ሰው ወራት ፈጅቶ በእጁ ይቀርጻል፤ ከቅርጹ የሲሊኮን ፎርማ ያወጣል፤ ፎርማው ውስጥ ሬዚን እያፈሰሰ ሃያ ወይም ሠላሳ ፍሬ ያወጣል። ፎርማውም ይደክማል፤ ከተወሰነ ፍሬ በኋላ ጠርዙ ይበላል። ለዚህ ነው ቁጥሩ ትንሽ የሚሆነው። የገዛው ሰው ራሱ ይገጣጥማል፣ ራሱ ቀለም ይቀባል። ዋጋው ወደድ ይላል፤ ደግሞ ካመለጠህ አመለጠህ፣ ድጋሚ አይመጣም።

ታዲያ ጎድዚላ የኩባንያ ንብረት ከሆነ፣ አንድ ተራ ሰው እንዴት ቀርጾ ይሸጠዋል? ጃፓኖች ለዚህ ደስ የሚል መላ አላቸው። ዋንደር ፌስቲቫል የሚባል በዓመት ሁለት ጊዜ የሚካሄድ ገበያ አለ። ቀራጩ ከወራት በፊት ሥራውን አሳይቶ ያመለክታል፤ የመብቱ ባለቤት ካየው በኋላ ከተስማማ ለዚያች አንድ ቀን፣ ለዚያ ቦታ ብቻ ፈቃድ ይሰጣል። ቀራጩ ለባለቤቱ ድርሻውን ይከፍላል። ፀሐይ ስትጠልቅ ፈቃዱም አብሮ ይጠልቃል፤ በማግስቱ ያንኑ ዕቃ መሸጥ አይቻልም። እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ጥፋቱን ካጠፋሁ በኋላ ነው።

ጥፋቱ እንዲህ ነው። በ2008 ዓ.ም ደሞዜን አጠራቅሜ ከጃፓን አንድ ጭራቅ አስመጣሁ። አንድ ግለሰብ ቀርጾ በሠላሳ ፍሬ ብቻ ያወጣው ነው። ሳየው ሳየው ከረምኩና በ2010 ዓ.ም የኢንጂነር እጄ በላኝ። ሲሊኮን ገዛሁ፤ ፎርማ አወጣሁበት፤ ሃያ አምስት ፍሬ ቀዳሁ። እውነቱን ልናገር፣ ኮርቼ ነበር። «በአገራችን ይህን የሠራ የለም» እያልኩ ነበር እኮ! ጥቂቱን አዲስ አበባ ሸጥኩ፤ ጥቂቱን ውጭ አገር ላሉ ወዳጆች በኢንተርኔት መሸጫ ላኩ። አንዱን ደግሞ፣ አትቆጡኝ፣ ባለፈው ጊዜ ስንገናኝ ለዕጣ አበረከትኩ። አጨብጭባችሁልኛል።

ከዚያ ሁለት ነገር ሆነ። በመጀመሪያ መሸጫው ሒሳቤን ዘጋው፤ ባሕር ማዶ ላለ የክፍላችን ልጅ የላክሁት ጥቅልም ጉምሩክ ላይ ተያዘ። ልጁ ስለማያውቀው ነገር ቃሉን ሲሰጥ ዋለ። ቀጥሎ ከቀራጩ ከራሱ ደብዳቤ መጣ። ስድብ የለበትም፤ ማስፈራሪያም የለበትም። ስምንት ወር እንደፈጀበት፣ የተፈቀደለት ሠላሳ ፍሬ ብቻ እንደሆነ ጻፈልኝ። «ያንተ ቅጂዎች ሲታዩ ኩባንያው የሚጠይቀው እኔን ነው፤ ዘንድሮ ፈቃድ ባይሰጡኝ ምን እመልሳለሁ?» አለኝ። እኔ ትልቅ ኩባንያ ያጎደልኩ መስሎኝ ነበር፤ የዘረፍኩት ግን እንደ እኔው ማታ ማታ የሚቀርጽ ደሞዝተኛ ሰው ነው።

እንቅልፍ አጣሁ። ሕጉን ማንበብ ጀመርኩ። እስከዚያ ድረስ የቅጂ መብት የሚባለው ካሴትና ፊልም ብቻ ይመስለኝ ነበር። የእኛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ቅርጻ ቅርጽንም ይጠብቃል፤ መብቱ ሠሪው በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይቆያል። ሰው ለግል ጥቅሙ አንድ ቅጂ ቢያወጣ አዋጁ አይከለክለውም፤ እኔ ግን ሃያ አምስት አውጥቼ ሸጫለሁ። ሆን ብሎ መብት የጣሰ ደግሞ ካሣ ብቻ ሳይሆን እስራትም አለበት።

አንዳንዱ «የውጭ አገር ሥራ እዚህ ማን ይጠይቅበታል?» ይላል። እውነት ነው፤ አዋጁ በዋናነት የሚጠብቀው የኢትዮጵያውያንን፣ እዚህ የሚኖሩትን፣ እዚህ የታተመን ሥራ፣ እንዲሁም አገራችን በገባችባቸው ስምምነቶች የተሸፈነውን ነው። ዕቃው ድንበር ሲሻገር ግን የተቀባዩ አገር ሕግ ይጠብቀዋል። ስሙም ብዙ አገር በንግድ ምልክትነት የተመዘገበ ነው። ስለዚህ ላኪው አዲስ አበባ ተደብቆ፣ የሚጠየቀው ወዳጁ ይሆናል። የእኔው ጉድ ይኸው ነበር።

ነገሩን ከቤታችን አውጥታችሁ አትዩት። ከዚህ ወደ ደቡብ ዘጠና ኪሎ ሜትር ገደማ ብንሄድ ኮንሶ አለ። ኮንሶዎች ለጀግና፣ ጠላት ወይም አስፈሪ አውሬ ለገደለ ሰው፣ ከሞተ በኋላ ዋካ ያቆሙለታል፤ እሱን፣ ሚስቶቹን፣ የገደለውን ከጠንካራ እንጨት ይቀርጻሉ። እነዚያን ዋካዎች ከመቃብር ላይ እየነቀሉ ለሰብሳቢ የሸጡ ሰዎች ነበሩ። የተያዙት ካራት ሙዚየም ውስጥ ይገኛሉ። ያን ሳይ ምን አልኩ መሰላችሁ? የኮንሶ አባት የተሰማው ያ ጃፓናዊ የተሰማው ነው። እርግጥ የዋካው ይብሳል፤ እሱ የሬሳ ክብር ነው፣ ሕጉም ሌላ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። የሰብሳቢው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ ይህን ማን ሠራው? ለማን ሠራው? እኔ ጋ እንዴት ደረሰ?

ያን ፎርማ በመዶሻ አልሰበርኩትም፤ ሲሊኮን ስለሆነ በመቀስ ቆራረጥኩት። ከሃያ አምስቱ አስራ ዘጠኙን ገንዘብ መልሼ ሰበሰብኩ። ለቀራጩ ያተረፍኩትን ላኩለት። ገንዘቡን ተቀብሎ አንድ መስመር ጻፈልኝ፦ «እጅህ ጥሩ ነው፤ የራስህን ጭራቅ ሥራ።»

ሠራሁ። የዶርሙን የጭቃ አዞ አስታወስኩና የጫሞን ጭራቅ ቀረጽኩ። ከአርባዎቹ ምንጮች የወጣ፣ ጀርባው ላይ የእግዜር ድልድይን የተሸከመ አዞ ነው። አርባ ፍሬ ብቻ። መጀመሪያ እውነተኛ የአዞ ጥርስ ልሰካበት አስቤ ነበር፤ አንድ የዱር እንስሳት ባለሙያ ወዳጄ «ተው!» አለኝ። የአዞ ጥርስም ሆነ ቆዳ ወደ ውጭ ሲሄድ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል፤ አገራችንም አባል ናት። ስለዚህ ጥርሱንም ከሬዚን አፈሰስኩት። እያንዳንዱ ፍሬ ሥር ቁጥሩ ተጽፏል።

የዛሬ ተማሪዎች በሦስት አቅጣጫ ማተሚያ ማሽን የፈለጋችሁትን በአንድ ሌሊት ማውጣት ትችላላችሁ። እኔ በሲሊኮን ወር የፈጀብኝን እናንተ እራት በልታችሁ ስትመለሱ ታገኙታላችሁ። ለዚህም ነው የምለምናችሁ። ለመማር አንድ ቅዱ፣ ጠረጴዛችሁ ላይ አስቀምጡት። ለመሸጥ ግን ወይ አስፈቅዱ፣ ወይ የራሳችሁን ፍጠሩ። ስትገዙም ሻጩን «ፈቃድህ የት አለ? ስንት ፍሬ ነው?» በሉት፤ መልስ ካጣ፣ ዋጋውም ከግማሽ በታች ከሆነ፣ የሌላ ሰው ላብ ነው።

በመጨረሻ አንድ ጉዳይ። ከሃያ አምስቱ ስድስቱ አልተመለሱም። አንዱ ባለፈው ጊዜ በዕጣ የወጣው ነው፤ ማን እጅ እንዳለ ባላውቅም ባለቤቱ ምናልባት እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይኖራል። ወንድሜ ወይም እህቴ፣ አይፈረድብሽም፣ አይፈረድብህም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሻይ ሰዓት ላይ አግኙኝ። በምትኩ የጫሞውን ጭራቅ፣ ቁጥር አንድን፣ እሰጣለሁ። ለራሴ ያስቀመጥኩት እሱን ነበር።